ኮምቦልቻ በፋርማሲ ተሞልታ የኛ ቀበሌ ለምን ኢንሱሊን ያጣል?

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። እናቴ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ በባቲ መስመር ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ክትትሏ ደሴ ነው። እዚያ አካባቢ አንድም ፋርማሲ የለም። ጤና ጣቢያው ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ‹አልቋል› ነው። የጤና መድን ደብተር አላት፤ መድኃኒቱን የምንገዛው ግን ከኪሳችን ነው። ዋጋውም ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ይለያያል። ከተማው ውስጥ ፋርማሲ በፋርማሲ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ለምን የለም? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?»

ምላሽ፦

ወዐለይኩሙ ሰላም እህትዓለም። አላህ እናትሽን አፊያ ያድርግልሽ። ጥያቄሽ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እኔም መድኃኒት ስሸጥ በየጊዜው የማየው ነው። ከቆላው የሚመጡ እናቶች ባዶውን የኢንሱሊን ብልቃጥ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጣሉ። ወረቀቱ ጠፍቷል ወይም አርጅቷል፤ ስለዚህ ብልቃጡ ራሱ ማዘዣቸው ነው። ፈትተው ያሳዩኛል። ካለ ይገዛሉ። ከሌለ ያንኑ ባዶ ብልቃጥ መልሰው ቋጥረው ወደሚቀጥለው ፋርማሲ ይሄዳሉ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትሰልቺብኝ።

ፋርማሲው ለምን እናንተ ጋ እንደሌለ ልጀምር። ፋርማሲ ማዘዣን ተከትሎ ነው የሚከፈተው። ሐኪም ባለበት ማዘዣ አለ፤ ማዘዣ ባለበት ሽያጭ አለ። ደሴን ብታዪ ፋርማሲዎቹ የሚበዙት በሆስፒታል ደጃፍ፣ በፒያሳና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ወደ ገራዶ ወይም ወደ ጦሳ ጥግ ወጣ ስትዪ እየሳሱ ይሄዳሉ። ኮምቦልቻም ያው ናት። ከከተማ ከወጣሽ በኋላ ደግሞ ጭራሽ።

ፋርማሲ ለመክፈት የተማረ ፋርማሲስት መቅጠር የግድ ነው። ባለሙያው ቀኑን ሙሉ እዚያው መገኘት አለበት። ፍሪጅ ያስፈልጋል፤ ፍሪጁ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። አስመጪና አከፋፋይ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ዕቃውንም ገጠር ድረስ አያደርስልሽም። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቶ በገበያ ቀን ብቻ ሰው የሚያይ ሱቅ ቤት ኪራዩን እንኳ አይችልም። ለረጅም ጊዜ ይህን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው «የገጠር መድኃኒት ቤት» የሚባለው ዓይነት ነበር። አንድ ነርስ ወይም ጤና ረዳት ይይዘዋል፤ የሚሸጠውም የተወሰነ ዝርዝር ነው። የራስ ምታት፣ የሆድ፣ የትል መድኃኒት ታገኚበታለሽ። ኢንሱሊን ግን አይጠበቅም። የሚጥል በሽታ ላለባቸው የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም እንዲሁ፤ እሱ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ የግል ፋርማሲዎችም አልተረፉም። መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ያገኘው ባለ ፋርማሲ በብድርም በእቁብም ብሎ እንደገና የጀመረው በከተማ ነው። ወደ ገጠር እግሩን ሊዘረጋ ያሰበም ያንን ሐሳብ ትቶታል።

ስለዚህ «ነጋዴዎቹ ስግብግብ ስለሆኑ ነው» የሚለውን ብዙ አልቀበልም። ስግብግብ የለም ማለቴ አይደለም። ግን እናትሽ ደጅ ላይ ፋርማሲ የጠፋው በዚያ ምክንያት አይደለም። የግል ፋርማሲ በቅርብ ዓመታት እናንተ ቀበሌ ይከፈታል ብዬም አልሸነግልሽም። እናንተ ጋ ያለው ፋርማሲ ጤና ጣቢያው ነው። የሚያዋጣውም እሱን ማስተካከል ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ ነው።

ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያገኘው በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት ነው። ለእናንተ አካባቢ ቅርንጫፉ ደሴ ነው ያለው። ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ስንት ነበረኝ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረኝ ይላል። የሚያዝዘው መጠን የሚሰላው ከወጣው ነው። ባለፉት ሁለት ወራት የወጣው በ2 ይባዛል፤ ይህ ለአራት ወር የሚበቃ ከፍተኛ ክምችት ነው። ከዚያ ላይ በእጅ ያለው ይቀነሳል። የቀረው ይታዘዛል።

አሁን ኢንሱሊኑን በዚህ ስሌት ውስጥ እናስገባው። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ውስጡ 1,000 ዩኒት አለ። እናትሽ ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ይወጋሉ እንበል። በቀን 30 ማለት ነው። ብልቃጡ ከተከፈተ ለ4 ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ ትንሽ ቢተርፍም አዲስ ይከፈታል። ለአንድ ሰው በየ28 ቀኑ አንድ ብልቃጥ፣ በዓመት 13 ያህል ያዢ። በጤና ጣቢያው ክልል እንደ እናትሽ ያሉ 20 ሰዎች ቢኖሩ ለሁለት ወር 44 ገደማ ብልቃጥ ያስፈልጋል።

ጤና ጣቢያው ግን ለሁለት ወር የደረሰው 20 ብልቃጥ ነው እንበል። በመጀመሪያው ወር አለቀ። በሁለተኛው ወር የመጣ ሁሉ «አልቋል» ተባለ። ሰዉ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ሄዶ ገዛ። ቅጹ ሲሞላ በሁለት ወር ውስጥ የወጣው 20 ነው ተብሎ ይጻፋል። 20 በ2 ሲባዛ 40፤ በእጅ ያለው ዜሮ፤ ስለዚህ 40 ይታዘዛል። ሊታዘዝ የሚገባው ግን ከ80 በላይ ነበር። ይህም 40ው በሙሉ ከመጣ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ወይም ቅርንጫፉ ላይ ዕቃው ሲሳሳ 20 ይሆንና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። እናትሽ ከኪሳቸው አውጥተው ከተማ ላይ የገዙት ብልቃጥ የትም አልተመዘገበም። በወረቀቱ ላይ እሳቸው የሉም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቦታ እዚያው ቅጹ ላይ አለ። መድኃኒቱ ስንት ቀን እንዳልነበረ የሚሞላበት ነው። በደንብ ከተሞላ የወጣው መጠን ይስተካከላል፤ ሠላሳ ቀን አልነበረም ከተባለ 20ው ወደ 40 ከፍ ብሎ ይሰላል። ችግሩ ባለሙያው አንድ ሰው መሆኑ ነው። እሱው ያድላል፣ እሱው ስቶሩን ይይዛል፣ እሱው ቅጽ ይሞላል። ቢን ካርዱ፣ ማለትም በስቶሩ የገባና የወጣ የሚመዘገብበት ካርድ፣ በየዕለቱ ካልተጻፈ መድኃኒቱ መቼ እንዳለቀ ማንም አያስታውስም። እነዚህ ልጆች ብዙ እንደሚለፉ አውቃለሁ፤ ልወቅሳቸው አልፈልግም።

ሌላው ገንዘብ ነው። የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የወባ፣ የቤተሰብ ዕቅድ መድኃኒቶች በፕሮግራም ስለሚመጡ ለጤና ጣቢያው በነጻ ነው የሚደርሱት። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ግን በአብዛኛው በግዢ ነው። ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው ይገዛል፣ ያድላል፣ ገንዘቡን ከታካሚው ወይም ከመድኑ ይሰበስባል፣ በዚያ መልሶ ይገዛል። መድኑ ክፍያውን ሲያዘገይ ያ ዑደት ይቆማል። መድኃኒቱ ለአባላት ወጥቷል፤ ብሩ ግን አልገባም። በሚቀጥለው ዙር በምን ይገዛል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ደግሞ በያዘው ብር የሚገዛው ብልቃጥ ቁጥር አነሰ። ከፋርማሲ ፋርማሲ ያየሽው የዋጋ ልዩነትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አንዱ በድሮው ዋጋ ያስገባው ይኖረዋል፤ ሌላው ትናንት የገዛው ነው። የአምራቹም አገር ይለያያል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ2003 ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር። ሐይቅና አካባቢው ከብዙ የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ ደብተር ይዟል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ድሃን ከአልጋ ዕዳ ያወጣ ነገር ነው። ግን ደብተር ይዞ መድኃኒት ከኪስ መግዛት በጣም ያስቆጫል። ሰዉ «ምን አተረፍኩ?» ብሎ ሳያድስ ይቀራል፤ አባል ሲቀንስ ገንዘቡም ይቀንሳል፤ ይኼኔ ጤና ጣቢያው ይብስ ይዳከማል።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ?

ከሁሉ በፊት የእናትሽን ክትትል ወደ ጤና ጣቢያው አምጪው። ደሴ ባለፈው ቀጠሮ ያያቸውን ሐኪም «ስኳራቸው ከተስተካከለ በአቅራቢያቸው እንዲከታተሉ ይጻፍልን» በይው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የስኳርና የግፊት ክትትል ይሠራሉ፤ የእናንተም የሚሠራ ከሆነ በመዝገቡ ላይ ስማቸው ይስፈር። ለከባዱ ምርመራ፣ ለዓይንና ለኩላሊት፣ ደሴ መሄዳቸው አይቀርም። የየወሩ መድኃኒት ግን ከዚያው ይታዘዝ። መድኃኒቱ የለም ቢባሉ እንኳ ቀርበው ማዘዣ ያጽፉ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍበትና ማህተም ይደረግበት። ይህቺ ወረቀት ሁለት ጥቅም አላት። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ተፈልጎ እንዳልተገኘ ማስረጃ ናት። ሁለተኛ፣ ከግል ፋርማሲ ከደረሰኝ ጋር ገዝተሽ ስትመጪ መድኑ ብሩን እንዲመልስ ለመጠየቅ ታገለግላለች። አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት «በዚህ ወረቀት ትመልሱልናላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ደረሰኝ የማይሰጥ ፋርማሲ ካለ ሌላ ጋ ሂጂ።

ደሴ ሲሄዱም ሪፈር ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከገቡ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍን ይችላል። ከሆስፒታሉ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ የሆስፒታሉን ፋርማሲ ጠይቁ። ብዙ ሰው ሰልፉን ፈርቶ በር ላይ ካለው የግል ፋርማሲ ይገዛል፤ ውስጥ በደብተሩ የሚገኝ መድኃኒት ትቶ።

ቀጥሎ ብቻሽን አትሁኚ። በቀበሌው ስንት ሰው ኢንሱሊን እንደሚወጋ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልታውቅ ትችላለች፤ እሷን ይዛችሁ ቁጠሩ። ሰዎቹ ስማቸውን፣ የኢንሱሊኑን ዓይነትና በቀን ስንት ዩኒት እንደሚወጉ በአንድ ወረቀት ያስፍሩ። ያንን ይዛችሁ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አናግሩ። «ኢንሱሊን ይምጣልን» ከማለት «እኛ 20 ነን፤ ለሁለት ወር 44 ብልቃጥ ያስፈልገናል» ማለት ይሻላል። ባለሙያውም ይህን ቁጥር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ለቅጹ የሚመካበት ነገር ሆነለት። ማህበረሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት የየሩብ ዓመቱ መድረክ አለ፤ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ የመድኃኒት መኖር ነው። ሽማግሌዎቹ ስብሰባው ላይ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ሲያወሩ አንቺ ስለ ኢንሱሊን አንሺ። በጤና ጣቢያው ቦርድም የሕዝብ ተወካይ አለ።

ኃላፊው «ደሴ ቅርንጫፍም የለም» ሊልሽ ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። እንዲያ ሲሆን ጤና ጣቢያው ከቅርንጫፉ «የለም» የሚል ማረጋገጫ ይዞ ከሌላ አቅራቢ መግዛት ይችላል። ስለዚህ የምትጠይቂው ጥያቄ «ማረጋገጫው ተወስዷል ወይ?» ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። መድኃኒቱ ተገኝቶ በሙቀት ከተበላሸ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ነው የሚቀመጠው። በረዶ መሆን ግን የለበትም፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም። ደሴ ገዝተሽ በሐረጎ ወርደሽ ወደ ባቲ መስመር ስትሄጂ ቅዝቃዜው ወደ ሙቀት ይቀየራል። ብልቃጡን የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጪ፤ ሞተር አጠገብም፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት በኩልም አይሁን። በጨርቅ ጠቅልለሽ በቦርሳሽ መሃል ያዢው። በረዶ ይዘሽ ከሆነ ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ።

ፍሪጅ የሌለው ቤት ሸክላ ይበጀዋል። ትልቅ ማሰሮ ውሰጂ፤ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጪ። በሁለቱ መካከል አሸዋ ሙይና ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፍክፊበት። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልለሽ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ አኑሪው፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ክደኚው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። እንደ ፍሪጅ አይሆንም፤ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት በብዙ ይሻላል። የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፈሽ ብልቃጡ ላይ ለጥፊ። እናትሽ የማያነቡ ከሆነ የሚቀጥለው የሚከፈትበትን ቀን ለልጆቹ ንገሪ።

ዓይነቱንም ለዩ። አንዱ ኢንሱሊን እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሌላው ደፍረስ ያለ፣ ነጣ ያለ ነው፤ ከመወጋታቸው በፊት በመዳፍ መሃል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። የጠራው ከደፈረሰ፣ ወይም ደፍራሹ ተንከባልሎም ጓል ከያዘ አይወጉት። የኢንሱሊን መርፌው ላይ «100» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፤ «40» የሚል ከሆነ ልኬቱ ይሳሳታል። ከጎረቤት የተዋሱትን ብልቃጥ ስሙንና ዓይነቱን ሳያረጋግጡ እንዳይጠቀሙ።

ስለ ግፊቱ አጭር ልበል። ግፊት በክኒን ስለሆነ ማጓጓዙ ቀላል ነው። የተረጋጋ ከሆነ ሐኪሙን የሁለት ወይም የሦስት ወር በአንዴ እንዲጽፍላቸው ጠይቂ። የመኪና ሒሳብና የሥራ ቀን ይቆጥባል። «ደህና ነኝ» ብለው እንዳያቋርጡት ግን ምከሪያቸው፤ ደህና የሆኑት በክኒኑ ነው።

መድኃኒት ያጣ ሰው ወደ ገበያ ሱቅ ይሄዳል። አሞክሳሲሊንና ቴትራሳይክሊን ከሳሙናና ከባትሪ ጋር ተደርድሮ የሚሸጥበት ቦታ አለ። ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ቀኑ ያለፈ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለእናትሽ ምንም አትግዢ። የሚያጠራጥር መድኃኒት ካጋጠመሽ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ደውለሽ አሳውቂ።

የመንግሥት ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልበላቸው። አዲስ አበባ በከተማው አስተዳደር ሥር ባሉት የከነማ ፋርማሲዎቿ ሕዝቡን ስትጠቅም ኖራለች፤ ቀይ መስቀልም በብዙ ከተሞች ፋርማሲ አለው። ይህ ዓይነቱ ነገር ከዞን ከተማ ወርዶ ወደ ገጠር ከተሞች ቢደርስ፣ ቢያንስ በገበያ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ለቃሉና ለወረባቦ ወረዳ ሰው ትልቅ ነገር ነው። በደሴ አንድ ጎዳና ላይ አሥረኛውን ፋርማሲ ለመክፈት የሚጠየቀው መስፈርትና በገጠር የመጀመሪያውን ለመክፈት የሚጠየቀው አንድ መሆኑ ልክ አይመስለኝም። የባለሙያውን ጥራት ዝቅ አድርጉ እያልኩ አይደለም፤ በኪራይ፣ በብድርና በግብር የሚያግዝ መንገድ ይፈለግ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ኢንሱሊን ቢጠፋና እናትሽ ውሃ ጥም ከበረታባቸው፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካሉ፣ ካስመለሳቸው ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ለከተማ አትዙሩ። ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ረመዳን ሲቀርብም መጾም ይችሉ እንደሆነ፣ የሚችሉ ከሆነም መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በራሳቸው እንዳይቀንሱ።

የብልቃጡን ስም፣ በቀን የሚወጉትን መጠንና ጤና ጣቢያው የመለሰልሽን ጽፈሽ ብትልኪልኝ የሁለት ወሩን ስሌት እኔ ሠርቼ እልክልሻለሁ፤ ለኃላፊው አትመሽ ታሳይዋለሽ። አብሽሪ።